ለሻወር የራሱ መስመር

ውሃ ሲከፈት ብቻ የሚሠራውና ከራስ በላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ሻወር ዋጋው ከቦይለር ያነሰ ነው፤ ቦታ አይዝም፤ ገጠማውም ቀላል ይመስላል። ሦስት ሽቦ አለው፣ ሦስቱን ከሦስት ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው ይባላል። በብዙ ቤት የሚደረገውም ይኸው ነው። ሠራተኛው ይመጣል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መብራት ወይም ከልብስ ማጠቢያው ሶኬት መስመር ይጠልፋል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል፣ ውሃው ሲሞቅ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የውሃው መሞቅ ግን የሥራውን ጥራት አያሳይም። ኧርዝ የሌለው ሻወርም ውሃ ያሞቃል፤ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ያለ ሻወርም ውሃ ያሞቃል።

ይህ ጽሑፍ ከብሬከር ሳጥን ተነሥቶ ሻወሩ ድረስ የሚሄድ፣ ከሌላ ከምንም ጋር የማይጋራ አዲስ መስመር እንዴት እንደሚዘረጋ ያሳያል። ለምሳሌ የያዝኩት በአገራችን መኖሪያ ቤቶች የተለመደውን ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልትና 5,500 ዋት ሻወር ነው። ማቀዱን፣ ዕቃ መምረጡን፣ ግድግዳ መቦርቦሩን፣ ቱቦ መቅበሩንና ገመድ መሳቡን ጠንቃቃ ሰው ራሱ ሊሠራው ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ ማገናኘቱንና የመጨረሻውን ፍተሻ ግን የብቃት ማረጋገጫ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይተዉለት። እሱ ሲሠራም አጠገቡ ይቁሙ፤ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ከዚህ ያገኛሉ።

ሒሳቡ ከግዢው ይቅደም

ሻወሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡና ለ220 ያካፍሉ። 5,500 ለ220 ሲካፈል 25 አምፔር ይመጣል። ይህ ለአንድ ዕቃ ከባድ ጭነት ነው፤ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ እንኳ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። ቮልቴጁ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ወደ 240 ከፍ ሲል ያው ሻወር ከ27 አምፔር በላይ ይስባል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በለኮሰበት ሰዓት ወደ 180 ሲወርድ ደግሞ ኃይሉ ወደ 3,700 ዋት ያሽቆለቁላል፤ ውሃውም ለብ ከማለት አያልፍም። ይህን ያየ ብዙ ሰው ሻወሩ ደካማ ነው ብሎ 7,500 ዋት የሚለውን ይገዛል። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ከሰፈሩ መስመር ላይ የበለጠ ይስብና ቮልቴጁን ይብስ ያወርደዋል።

ትልቅ ዋት ከመግዛትዎ በፊት የውሃውን ፍሰት ይለኩ። ባልዲና ሰዓት ይበቃል። በደቂቃ 3 ሊትር ሲፈስ 5,500 ዋት ውሃውን በ26 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ሲፈስ ግን በ16 ዲግሪ ብቻ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ከተማ ልዩነቱ ገላ ላይ በደንብ ይታወቃል። ቧንቧውን ትንሽ ማጥበብ ብዙ ጊዜ ሌላ ሻወር ከመግዛት ይሻላል። ፍሰቱ ከልክ በላይ ካነሰም ግን ችግር አለ። ሻወሩ ውስጥ ያለውን ማብሪያ የሚገፋው የውሃው ግፊት ነውና ሮቶው ከሻወሩ በቂ ከፍታ ላይ ካልተቀመጠ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።

ቀጥሎ ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ አምፔርና የዋናውን ብሬከር ቁጥር ይመዝግቡ። ምጣዱ 16፣ ሻወሩ 25፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 41 አምፔር ይሆናሉ፤ ፍሪጅና ምድጃ ገና አልተቆጠሩም። ዋናው ብሬከር 40 ከሆነ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ገላ የሚታጠብ ሰው ቤቱን ጨለማ ያደርገዋል። አንዳንዱ መፍትሔው ዋናውን ብሬከር በ63 መቀየር ይመስለዋል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ከቆጣሪ ወደ ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ ያው የድሮው ስለሆነ፣ ብሬከሩ ዝም እያለ ገመዱ ይጋያል። ወይ ሁለቱን አብሮ ላለመጠቀም በቤት ውስጥ ይስማሙ፣ ወይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ዘንድ ሄደው አቅም ለማሳደግ ያመልክቱ። የቆጣሪው ማኅተም የአገልግሎቱ ነው፤ ማንም ሠራተኛ እንዲነካው አይፍቀዱ።

ዕቃው

ለ25 አምፔር ሻወር ብሬከሩ ባለ 32፣ ገመዱ 6 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይሁን፤ ሱቅ ሄደው «ባለ 6» ይበሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሬከሩ ሻወሩ ከሚስበው መብለጥ፣ ገመዱ ደግሞ ብሬከሩ ከሚያሳልፈው መብለጥ አለበት። ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ባለ 6 ገመድ እስከ 41 አምፔር ይችላል። ባለ 4 የሚችለው 32 ስለሆነ በሒሳብ ያልፋል፤ ነገር ግን ሌላ መስመር በአንድ ቱቦ ውስጥ ከጎኑ ከሄደ ወይም ቦታው ከሞቀ ያ አቅም ይወርዳል። ባለ 2.5 የሶኬት ገመድ አቅሙ 24 አምፔር ነው፤ ለዚህ ሻወር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንሳል። ሻወርን ከሶኬት መስመር መጥለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ገመድ ሲገዙ በሽፋኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። መርካቶም ሆነ ሌላ ገበያ «ባለ 6» ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ገመድ ሊያጋጥም ይችላል። ባለሱቁን ጫፉን እንዲልጠው ይጠይቁና በካሊፐር ይለኩ። ባለ አንድ ዘንግ 6 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ውፍረቱ 2.76 ሚሊሜትር ነው፤ ሰባት ፈትል ከሆነ እያንዳንዱ ፈትል 1.04 ሚሊሜትር ይሆናል። 2.2 ገደማ ካነበቡ በእጅዎ ያለው ባለ 4 ነው። ከዚያ ጫፉን በቢላ ይፋቁት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ብረት ከታየ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና ይመልሱት። ማግኔት ከሳበውም እንዲሁ። በክብደትም ይታወቃል፦ የ100 ሜትር ጥቅል የባለ 6 ገመድ መዳቡ ብቻ ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ሦስት ቀለም ይግዙ። ለፌዝ ቡናማ ወይም ቀይ፣ ለኒውትራል ሰማያዊ ወይም ጥቁር፣ ለኧርዝ ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ የተዥጎረጎረው። ኧርዙም ባለ 6 ይሁን፤ ቀጭን አይቀበሉ። ቱቦው ባለ 20 ወይም ባለ 25 ቢሆን ሦስቱ ገመዶች ሳይጨናነቁ ያልፋሉ።

ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ የሚተከል ባለ ሁለት ፖል ማብሪያ ማጥፊያም ያስፈልጋል፤ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ የሚቆርጥ፣ ሲበራ ቀይ መብራት የሚያሳየው ዓይነት። ለቦይለር ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ባለ 20 አምፔር ስለሆነ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። ለእርስዎ የሚሆነው ባለ 32 ወይም ባለ 45 ነው።

አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ባለ 40 አምፔርና 30 ሚሊአምፔር ይሁን። ባለ 100 ወይም ባለ 300 ሚሊአምፔር የሆነው ቤትን ከእሳት ለመጠበቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ ሰውን ለማዳን አይበቃም። በዚህ መሣሪያ ገንዘብ መቆጠብ በፍጹም አይገባም። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ቦታው

ሻወር ባለበት መታጠቢያ ቤት የርቀት ሕግ አለ። ሳፋ ወይም ገንዳ በሌለው፣ ውሃው በቀጥታ ወለሉ ላይ በሚፈስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከሻወሩ ራስ ዙሪያ እስከ 1.20 ሜትር፣ ከወለል እስከ 2.25 ሜትር ያለው ክልል እርጥብ ይባላል። እዚህ ክልል ውስጥ ሶኬትም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ አይገባም። የሚገባው ሻወሩ ራሱ ነው፤ እሱም ቢያንስ አይፒኤክስ 4 የሚል የውሃ መከላከያ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። በአብዛኛው የከተማ ቤት መታጠቢያ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ 1.20 ሜትር ማለት ክፍሉ ሁሉ ማለት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከበር ውጭ ይተከል የምለው ለዚህ ነው።

ቱቦው ከሳጥኑ እስከ ማብሪያው፣ ከማብሪያው እስከ ሻወሩ የሚሄድበትን መንገድ በእርሳስ ያሥምሩ። ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ሰያፍ አይሂድ፤ ነገ ሚስማር የሚመታ ሰው ገመዱ የት እንዳለ እንዲገምት ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ኮለንና ቢም ፈጽሞ አይቦርብሩ፤ ብሎኬቱን ብቻ። መቦርቦር ካልፈለጉ ፕላስቲክ ካናል በግድግዳው ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ውበቱ ይቀንሳል እንጂ ሥራው አይቀንስም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ገመዱ ተቀብሮ ቢገባ ይመረጣል።

ገመዱን ይሳቡ፤ ከሳጥን እስከ ማብሪያ፣ ከማብሪያ እስከ ሻወር መሐል ላይ ምንም መቀጠያ አይኑር። በሻወሩ ጀርባ 20 ሳንቲሜትር፣ በሳጥኑ በኩል ከግማሽ ሜትር ያላነሰ ትርፍ ይተዉ።

ኧርዝ፦ ዋናው ጉዳይ

አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ሰውን አይጠብቅም።

ኧርዙ ግቢ ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ የሚመጣ ቤት ይውሰዱ። የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ነው እንበል፤ ይህ መጥፎ የሚባል አይደለም። ሻወሩ ውስጥ ፌዙ ሾልኮ ኧርዝ ከተደረገው ክፍል ጋር ቢነካካ ወደ መሬት የሚሄደው ኤሌክትሪክ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። ብሬከሩ ባለ 32 ነው። 11 አምፔር ለእሱ ትንሽ ጭነት ስለሆነ አይወድቅም፤ ለሰዓታት፣ ለቀናት ዝም ብሎ ያሳልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብረቱና ውሃው ላይ ለሞት የሚያበቃ ቮልቴጅ አለ። እርጥብ ሰው ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ቧንቧውን ሲጨብጥ በአካሉ ውስጥ የሚያልፈው ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ ልቡ ምቱን ሊስት ይችላል። 30 ሚሊአምፔር የ32 አምፔር ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ብሬከሩ ይህን አያየውም።

የሚያየው አርሲዲ ነው። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ያመዛዝናል። የሄደው ካልተመለሰ፣ ማለትም በሰው ወይም በውሃ በኩል ወደ መሬት ከሾለከ፣ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ይቆርጣል። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ 11 አምፔሩ ገና ሲጀምር ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይነካው ይወድቅ ነበር። ይህ እንዲሆን ግን ኧርዙ መኖር አለበት። ኧርዝ ከሌለ አርሲዲው የሚወድቀው ሾልኮ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሰው አካል ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ቢተርፍም መመታቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን በብዙ ቤት ወደሚታየው ልማድ ልምጣ። ቤቱ ውስጥ ኧርዝ ሲጠፋ የሻወሩን አረንጓዴ ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር የሚያገናኙ አሉ፤ «ያው መሬት ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። አንድ ቀን ከሻወሩ ወደ ኋላ ያለው ኒውትራል ሲላቀቅ ወይም ሲቆረጥ፣ ፌዙ በማሞቂያው ሽቦ በኩል አልፎ በዚያው ኒውትራል ወደ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴው ወደ ሻወሩና ወደ ውሃው ይመጣል። ፌዝና ኒውትራል ሲገለባበጡም ውጤቱ ይኸው ነው። ሠራተኛው እንዲህ ሲያደርግ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ። ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ማሰርም አይሆንም፤ ዛሬ አብዛኛው መስመር ፕላስቲክ ነው፣ ብረት የነበረውም መሐል ላይ በፕላስቲክ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ኧርዝ የሌለው ቤት ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከግቢው ነው። በመዳብ የተለበጠ፣ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዘንግ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ ይተከል፤ ሽቦው በራሱ ማሰሪያ ተጠብቆ ወደ ሳጥኑ ኧርዝ ባር ይግባ። ባለሙያው በኧርዝ መለኪያ ይለካው፤ ቁጥሩን ጠይቀው ይጻፉ። ለ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ በስሌት ከ1,600 ኦም በታች ይበቃል፤ ነገር ግን በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ስለሚያሻቅብ ከ100 ኦም በታች ሆኖ ካልተገኘ ሁለተኛ ዘንግ ራቅ አድርጎ መጨመር ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራስዎን ዘንግ መትከል ስለማይችሉ የሕንፃው ኧርዝ እስከ እርስዎ ሳጥን መድረሱን በመለካት ያረጋግጡ። አረንጓዴ ሽቦ መታየቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ሻወሩ ምርጫ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ሻወር የማሞቂያ ሽቦው ራቁቱን ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው በብረት ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ነው። ራቁቱን የሆነው ርካሽ ነው፤ ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲገባበት ግን በውሃው በኩል የሚሾልከው ኤሌክትሪክ ይጨምርና አርሲዲውን ደጋግሞ ይጥለዋል። ያኔ የሚደረገው ያሳዝናል፦ አርሲዲው «አስቸገረ» ተብሎ ይነቀላል። ገና ሲገዙ የተሸፈነውን ይምረጡ።

ማገናኘት

ዋናው ብሬከር ይውረድ። ከወረደ በኋላም በመልቲሜትር በፌዝና በኒውትራል፣ በፌዝና በኧርዝ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ይለካ። ቴስተር ካቻቢቴ መብራቱ ስላልበራ ብቻ ሽቦ አይነካም። መልቲሜትሩም ራሱ እንደሚሠራ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሚሠራ ሶኬት ላይ ይፈተን።

ሳጥኑ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ከዋናው ወደ አርሲዲ፣ ከአርሲዲ ወደ ባለ 32 ብሬከር፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው ነው። ኒውትራሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሻወሩ ኒውትራል መመለስ ያለበት በአርሲዲው መውጫ በኩል ነው፤ ወደ ጋራው ኒውትራል ባር ከገባ አርሲዲው ሻወሩ በተከፈተ ቁጥር ይወድቃል፤ ጥፋቱም በዕቃው ላይ ይላከካል።

እያንዳንዱ ቡሎን በደንብ ይጥበቅ። ይህን ስል ለወጉ አይደለም። የላላ ግንኙነት አንድ አሥረኛ ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 25 አምፔር ሲያልፍበት 62 ዋት ሙቀት በዚያች ነጥብ ላይ ይወለዳል፤ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ እንደ ማብራት ነው። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ሻወሩ ጋር ያለው ግንኙነትም በናስትሮ ተጠምዝዞ አይተው፤ 32 አምፔር በሚችል ባለ ቡሎን የሴራሚክ ማገናኛ ተጠብቆ ውሃ በማያስገባ ስካቶላ ውስጥ ይዘጋ።

ፍተሻ

ኃይል ከመለቀቁ በፊት ሁለት ልኬት። አንደኛ፣ ከሻወሩ ኧርዝ ጫፍ እስከ ሳጥኑ ኧርዝ ባር ያለው ተቃውሞ፤ 15 ሜትር ባለ 6 ገመድ ከአንድ አሥረኛ ኦም በታች ማንበብ አለበት። ሁለተኛ፣ ሻወሩ ሳይያያዝ ሜገር በሚባለው መለኪያ 500 ቮልት ተሰጥቶ በገመዶቹ መካከል ያለው መከላከያ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ መሆን አለበት፤ አዲስ ገመድ ከዚህ እጅግ የላቀ ያነባል። ዝቅ ካለ ገመዱ ሲሳብ ተልጧል ማለት ነው።

ከዚያ ውሃው ይቅደም። ማብሪያው እንደጠፋ ቧንቧውን ከፍተው ሻወሩ ሞልቶ አየሩ እስኪወጣ፣ ውሃውም ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። ባዶ ሻወር ላይ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ ማሞቂያው በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ውሃውን ዘግተው ዋናውን፣ አርሲዲውን፣ ብሬከሩን፣ በመጨረሻ ማብሪያውን ያብሩ፤ ከዚያ ውሃውን ይክፈቱ። አርሲዲው ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለበትን ቁልፍ ሲጫኑ ወዲያው መውደቅ አለበት። ይህ ቁልፍ የሚፈትነው መሣሪያውን እንጂ የቤቱን ኧርዝ እንዳልሆነ አይርሱ። በየወሩ ይጫኑት፤ ያልወደቀ ቀን ሻወሩን አይጠቀሙ።

ሩብ ሰዓት ያህል ካሠሩት በኋላ አጥፍተው የማብሪያውን ፊትና ብሬከሩን በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስቆም ከሆነ የላላ ቡሎን አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ቡሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ። የሙቀት ደረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ሁልጊዜ ውሃውን ዘግተው ይሁን።

ከቀናት በኋላ ቧንቧውን ወይም ውሃውን ሲነኩ ትንሽ ንዝረት ከተሰማዎት፣ «ትንሽ ነው» ብለው አይለፉት። ከውሃው ወጥተው፣ እጅዎን አድርቀው፣ ጫማ አድርገው ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ የሻወሩን ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ንዝረቱ ከሻወሩ ላይሆን ይችላልና። አርሲዲ በሌለው መስመር ላይ ያለ ምጣድ ወይም ልብስ ማጠቢያ ፌዙ ከሾለከ በኧርዝ ባሩ በኩል ዞሮ ሻወሩ ጋ ይደርሳል። ባለሙያው መጀመሪያ እነዚያን አንድ በአንድ ነቅሎ ይለካ፣ ከዚያ የኧርዙን ዘንግ፣ በመጨረሻ ሻወሩን። እስኪጣራ ድረስ የቤቱ ሰው ሁሉ ውሃ በእሳት አሙቆ ይታጠብ፤ ሲጣራም እነዚያ መስመሮች የየራሳቸው ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ይግባላቸው።